ጎረቤቶቹን ሳይነኩ አንድን ቢት በጠቋሚ መጻፍ

ከማሽኑ ጋር በቅርብ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ የመሣሪያ ድራይቨር፣ የማይክሮኮንትሮለር ኮድ ወይም የኦፐሬቲንግ ሲስተም የሜሞሪ አስተዳዳሪ፣ በሜሞሪ ውስጥ አንድን ቢት (0 ወይም 1 የሚይዝ ትንሹ የመረጃ ክፍል) ብቻ መለወጥ የሚያስፈልገው ጊዜ ብዙ ነው። አንዱ ቢት ሞተር ያስነሳል፣ ሌላው አንድ የሜሞሪ ገጽ መያዙን ይመዘግባል፣ ሌላው ደግሞ የመጣ መረጃ ገና አለመነበቡን ያሳያል። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ቢት የራሱ አድራሻ የለውም። አድራሻ የሚሰጠው ትንሹ ነገር ባይት፣ ማለትም ስምንት ቢት፣ ነው፤ ጠቋሚም የሚይዘው የባይት አድራሻ በመሆኑ፣ በሲ ቋንቋ ወደ አንድ ቢት የሚያመለክት ጠቋሚ መፍጠር አይቻልም። ስለዚህ አንድ ቢት ጻፍን ስንል በተግባር የሚሆነው፣ ቢቱ ያለበት ባይት ወይም ቃል (አብረው የሚነበቡ ባይቶች፣ እዚህ 32 ቢት) በሙሉ ከሜሞሪ ይነበባል፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ አንዱ ቢት ይለወጣል፣ ከዚያም ሙሉው ተመልሶ ይጻፋል። ከአንዱ ቢት ጋር ሰባቱ ወይም ሠላሳ አንዱ ጎረቤቶቹ አብረው ይጻፋሉ። በቢት አጻጻፍ ላይ የሚደርሱት ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች በየደረጃው የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጎረቤቶቹ ምን ሆኑ?

በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ስሞች በራሳችን ፊደል የተጻፉ ናቸው። የሲ ቋንቋ ደረጃ (የቋንቋው ደንብ የተጻፈበት ሰነድ) ይህን ይፈቅዳል፤ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለርም (ኮድን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉም ፕሮግራም) በ2020 ከወጣው 10ኛ እትሙ ጀምሮ በዩቲኤፍ 8 የተጻፉ ስሞችን በቀጥታ ይቀበላል። «ጠቋሚ» የሚለው ስም ምልክት አልባ (አሉታዊ የማይሆን) የ32 ቢት ኢንቲጀር ወይም ሙሉ ቁጥር ወደሚገኝበት ቦታ ያመለክታል፤ «ተራ» ከ0 እስከ 31 የሚደርስ የቢቱ ቁጥር ነው፤ «አሐዱ» ደግሞ ዋጋው 1 የሆነ፣ ምልክት አልባ የ32 ቢት ቋሚ ነው። በ«አሐዱ» ፈንታ ባዶውን 1 መጻፍ ለምን እንደማይበቃ በቦታው እንመለስበታለን።

ማስክ መሥራትና መሠረታዊዎቹ ተግባራት

መጀመሪያ የሚሠራው ማስክ ነው። ማስክ ማለት የምንፈልገው ቢት ብቻ 1 የሆነበት፣ ሌላው ሁሉ 0 የሆነበት ቁጥር ሲሆን፣ የሚገኘውም 1ን በሚፈለገው ተራ ያህል ወደ ግራ በመግፋት ነው።

ማስክ = አሐዱ << ተራ;

ተራው 5 ቢሆን ማስኩ 32 ይሆናል፤ በሁለትዮሽ ሲጻፍ 00100000 ማለት ነው። ማስኩ ከተዘጋጀ በኋላ ቢቱን 1 ማድረግ፣ 0 ማድረግ፣ መገልበጥና መፈተሽ እንደየቅደም ተከተላቸው የሚከተሉት ናቸው።

*ጠቋሚ |= ማስክ;
*ጠቋሚ &= ~ማስክ;
*ጠቋሚ ^= ማስክ;
(*ጠቋሚ & ማስክ) != 0

| ኦር ነው፤ ከሁለቱ ቢቶች አንዱ እንኳ 1 ከሆነ 1 ይሰጣል። & ኤንድ ነው፤ ሁለቱም 1 ሲሆኑ ብቻ 1 ይሰጣል። ^ ኤክስኦር ነው፤ ሁለቱ ሲለያዩ 1 ይሰጣል። እነዚህ ለምን ጎረቤቶችን እንደማይጎዱ ልብ ማለት ይገባል። ማንኛውም ቢት ከ0 ጋር በኦር ቢጣመር፣ ከ1 ጋር በኤንድ ቢጣመር፣ ወይም ከ0 ጋር በኤክስኦር ቢጣመር የነበረውን ዋጋ ይዞ ይቀራል። ማስኩ ከአንዱ ቢት በስተቀር 0 ስለሆነ ኦርና ኤክስኦር ሌሎቹን አይለውጡም፤ ኤንድ ከመሥራታችን በፊት ማስኩን በ~ የምንገለብጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለምሳሌ ያህል ባይቱ 10010011 ቢሆንና 2ኛውን ተራ 1 ብናደርገው 10010111 ይሆናል፤ ቀጥለን 4ኛውን ተራ 0 ለማድረግ በ11101111 ኤንድ ብናደርገው 10000111 ይቀራል። ተራ የሚቆጠረው ከቀኝ ሲሆን የመጀመሪያው 0 ነው።

ብዙ ጊዜ ግን የሚጻፈው ዋጋ 0 ይሁን 1 አስቀድሞ አይታወቅም። በዚህ ጊዜ በብዙ ኮድ ውስጥ የሚታየው መንገድ ዋጋውን ራሱን በተራው መግፋት ነው፤ ነገር ግን ጠሪው በስህተት 2 ቢያስተላልፍ 1 የሚሆነው የጎረቤቱ ቢት ነው። ስለዚህ ከዚህ የተሻለው መንገድ የሚከተለው ነው።

*ጠቋሚ = (*ጠቋሚ & ~ማስክ) | (ዋጋ ? ማስክ : 0);

እዚህ ላይ ዜሮ ያልሆነ ዋጋ ሁሉ እንደ 1 ይቆጠራል፤ ከማስኩ ውጭ የሚፈስ ነገርም የለም። ተግባሩ በአንድ አረፍተ ነገር የተጻፈውም ሆን ተብሎ ነው። ጠቋሚው የሚያመለክተው ወደ ሃርድዌር ሬጅስተር (መሣሪያው የሚታዘዝበትና ሁኔታውን የሚያሳይበት ቦታ) ከሆነ፣ መጀመሪያ ቢቱን አጥፍቶ ቀጥሎ ማብራት መሣሪያው ለአፍታ የተሳሳተ ዋጋ እንዲያይ ያደርጋል። በተለይ የሁለትና የሦስት ቢት ስፋት ያላቸው መስኮች (አንድ ዋጋ የሚይዙ ጎን ለጎን ያሉ ቢቶች) ሲጻፉ ይህ ጉዳት የከፋ ነው፤ ሞድን ከ2 ወደ 3 ስናዛውር በመካከሉ 0 የሚል ሞድ ይታያል። አዲሱን ዋጋ በጊዜያዊ ተለዋዋጭ ውስጥ አዘጋጅቶ አንድ ጊዜ ብቻ መጻፍ የተሻለ ልማድ ነው።

የቅንፍ ነገር አጭር ቢሆንም መዝለል አይገባም። በሲ ቋንቋ == ከ& ይቀድማል፤ ስለዚህ *ጠቋሚ & ማስክ == 0 ብሎ የጻፈ ሰው ማስኩን ከዜሮ ጋር አወዳድሮ ውጤቱን ኤንድ እያደረገ ነው። እንዲሁም *ጠቋሚ++ የሚለው አጻጻፍ የሚያሳድገው ጠቋሚውን ነው፤ ጠቋሚው የሚያመለክተውን ዋጋ አይደለም።

ስፋትና ምልክት

አሁን ወደ «አሐዱ» እንመለስ። በሲ ቋንቋ እንዲሁ የተጻፈ 1 ምልክት ያለው ኢንቲጀር ነው። ኢንቲጀር 32 ቢት በሆነባቸው ማሽኖች ላይ እርሱን በ31 ተራ ወደ ግራ መግፋት በምልክቱ ቢት ላይ ስለሚያርፍ፣ የሲ ደረጃ ውጤቱን ሳይወስን ትቶታል። ኮምፓይለሩ ዛሬ የሚጠበቀውን ቢሰጥም፣ ነገ በሌላ የማሻሻያ ደረጃ (ኮምፓይለሩ ኮዱን ለማፍጠን በሚሄድበት ርቀት) ሌላ ነገር እንዳይሰጥ የሚከለክለው ነገር የለም። ምልክት አልባ ቋሚ መጠቀም ይህን ከሥሩ ያስወግደዋል።

የተገፋው ተራ ከዓይነቱ ስፋት ጋር እኩል ወይም ከእርሱ የበለጠ ከሆነም ውጤቱ በደረጃው አልተወሰነም፤ ማሽኖቹም በዚህ ላይ አይስማሙም። የኤክስ 86 ፕሮሰሰር ለ32 ቢት ግፊት የተራውን ታችኛ 5 ቢቶች ብቻ ስለሚመለከት በ32 መግፋት ምንም እንዳልተገፋ ይሆናል፤ የ32 ቢት አርም ፕሮሰሰር ደግሞ ለዚሁ ግፊት 0 ይሰጣል። በአንዱ ማሽን ላይ 0ኛውን ቢት የሚያበላሽ ኮድ በሌላው ላይ ምንም ሳያደርግ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ተራው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ከመግፋት በፊት ከስፋቱ ማነሱን ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ከሁሉም በላይ ረቂቅ የሆነው ወጥመድ የሚገኘው ባለ 64 ቢት ቦታ ላይ የ32 ቢት ማስክ ሲውል ነው። ጠቋሚው ወደ 64 ቢት ዋጋ ያመለክታል እንበል። 3ኛውን ቢት ለማጥፋት *ጠቋሚ &= ~(አሐዱ << 3) ብንጽፍ፣ መገልበጡ የሚከናወነው በ32 ቢት ስፋት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወደ 64 ቢት ሲሰፋ ምልክት አልባ ስለሆነ ላይኛዎቹ 32 ቢቶች በ0 ይሞላሉ፤ ኤንዱም የቃሉን ላይኛ ግማሽ በሙሉ ያጠፋዋል። አንድ ቢት ልናጠፋ ሄደን እስከ ሠላሳ ሦስት ቢት አጠፋን ማለት ነው፤ ኮምፓይለሩም ብዙ ጊዜ አንድም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በተቃራኒው ምልክት ያለውን 1 በ31 ገፍቶ ኦር ያደረገ ሰው፣ ኮምፓይለሩ የተለመደውን አሉታዊ ቁጥር ከሰጠው፣ ሲሰፋ ላይኛዎቹ ቢቶች ሁሉ 1 ይሆኑበታል። መፍትሔው አንድ ነው፤ ማስኩ የሚሠራበት ቋሚ ጠቋሚው ከሚያመለክተው ዓይነት ጋር አንድ ስፋት ይኑረው፣ ምልክት አልባም ይሁን።

ከአንድ ቃል በላይ፦ የቢት ድርድር

በሺህ የሚቆጠሩ ቢቶችን ለመያዝ የባይቶች ድርድር ተዘጋጅቶ የቢቱ ቁጥር ለሁለት ይከፈላል፤ ለ8 ሲካፈል ድርሻው ባይቱን፣ ቀሪው በባይቱ ውስጥ ያለውን ተራ ይሰጣል። ከታች >> 3 ለ8 ማካፈል ነው፤ & 7 ደግሞ ቀሪውን ይሰጣል።

ባይቶች[ቁጥር >> 3] |= አሐዱ << (ቁጥር & 7);

1003ኛው ቢት በዚህ ስሌት 125ኛው ባይት ውስጥ 3ኛው ተራ ላይ ይገኛል። «ቁጥር» ምልክት አልባ መሆን አለበት፤ አሉታዊ ቁጥር በሲ ቋንቋ ሲካፈል ቀሪው አሉታዊ ሊሆን ስለሚችል፣ / እና % (የማካፈያና የቀሪ ምልክቶችን) የተጠቀመ ሰው በአሉታዊ ተራ ሊገፋ ይችላል።

ድርድሩ በ32 ቢት ቃላት ከተሠራ 3 በ5፣ 7 ደግሞ በ31 ይተካሉ። ሁለቱን መንገዶች በአንድ ሜሞሪ ላይ መቀላቀል ግን አደገኛ ነው። የ32 ቢት ቃል 0ኛ ቢት በሊትል ኢንዲያን ማሽን (የቃሉን ታችኛ ባይት በሚያስቀድም) ላይ በመጀመሪያው ባይት፣ በቢግ ኢንዲያን ማሽን (ላይኛውን በሚያስቀድም) ላይ በአራተኛው ባይት ውስጥ ይገኛል። በባይት ጠቋሚ የተጻፈን ድርድር በቃል ጠቋሚ ያነበበ ኮድ በሊትል ኢንዲያን ላይ ልክ ሆኖ ይታያል፤ በሌላው ላይ ግን ሌላ ቢት ያነባል። ወደ ፋይል ወይም ወደ ኔትወርክ የሚወጣ ድርድር ከሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በባይት ማስተናገድ ይሻላል።

የጠቋሚን ዓይነት በመቀየር የባይት ድርድርን እንደ ቃላት ለመክፈት መሞከርም አይመከርም። የምልክት አልባ ካራክተር ጠቋሚ ማንኛውንም ነገር በባይት እንዲያይ ቋንቋው ይፈቅድለታል፤ ግልባጩ ግን አይፈቀድም፤ አድራሻው ለ32 ቢት ላይመች ስለሚችልና ኮምፓይለሩ ሁለቱ ጠቋሚዎች አንድ ቦታ አይነኩም ብሎ የመገመት መብት ስላለው ነው። ቃል የሚያስፈልግ ከሆነ ባይቶቹን ሜምኮፒ በተባለው የሲ የመቅጃ ተግባር ወደ ተለዋዋጭ መቅዳት ንጹሑ መንገድ ነው።

በስትራክት (በርካታ ዋጋዎችን በአንድነት በሚይዝ የሲ ዓይነት) ውስጥ የሚጻፉ የቢት መስኮች አማራጭ ይመስላሉ። ለውስጥ ጉዳይ ይመቻሉ፤ ነገር ግን መስኮቹ ከቀኝ ይጀምሩ ከግራ የሚወስነው ኮምፓይለሩ ነው፤ የመስክንም አድራሻ በ& መውሰድ አይቻልም። ለሃርድዌር ሬጅስተርና ለፋይል አቀማመጥ ማስክ እመርጣለሁ።

ጠቋሚው ወደ ሃርድዌር ሲያመለክት

የመሣሪያ ሬጅስተሮች በሜሞሪ አድራሻ ላይ ሲቀመጡ፣ ጠቋሚው ቮላታይል ወደሆነ ዓይነት ማመልከት አለበት። ያለዚያ ኮምፓይለሩ ሁለት ተከታታይ ጽሕፈቶችን ወደ አንድ ሊያጥፍ፣ ወይም በዑደት ውስጥ የሚነበበውን ቢት አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ለዘላለም ሊጠብቅ ይችላል። ቮላታይል እያንዳንዱ ንባብና ጽሕፈት እንዳይቀር ያደርጋል፤ ከዚህ ያለፈ ዋስትና ግን አይሰጥም፤ በተለይም ማንበቡንና መጻፉን የማይከፈል አንድ ተግባር አያደርጋቸውም።

ሃርድዌር ላይ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሬጅስተሩን ጠባይ ከቺፑ ማኑዋል ማንበብ አለበት፤ ምክንያቱም ሬጅስተር ሲነበብ የሚሰጠው ሁልጊዜ የተጻፈበትን አይደለም። ብዙ የሁኔታ ሬጅስተሮች ቢታቸው የሚጠፋው 1 ሲጻፍበት ነው። በኤስቲኤም 32 ኤፍ 4 ቤተሰብ ውስጥ የውጭ ኢንተራፕት መጠበቂያ ሬጅስተር እንዲህ ነው፤ ኢንተራፕት ማለት ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ አቋርጦ የሚጠራ ምልክት ነው። አንዱን ባንዲራ (አንድ ነገር መከሰቱን የሚያሳይ ቢት) ለማጥፋት |= የሚጽፍ ሰው፣ በዚያች ቅጽበት 1 ሆነው የነበሩትን ባንዲራዎች ሁሉ አንብቦ መልሶ 1 ስለሚጽፍባቸው ሁሉንም ያጠፋል፤ ያልተስተናገዱ ኢንተራፕቶችም ያለ ዱካ ይጠፋሉ። ትክክለኛው አጻጻፍ ማስኩን ብቻ በቀጥታ መጻፍ ነው።

*ባንዲራዎች = ማስክ;

እዚህ ላይ 0 የተጻፈባቸው ጎረቤቶች አይነኩም፤ የተለመደው ደንብ ሙሉ በሙሉ የተገለበጠበት ቦታ ነው። ሌሎች ሬጅስተሮች ደግሞ ጭራሽ አይነበቡም፤ መጻፍ ብቻ ይቀበላሉ። በእነዚህ ላይ አንብቦ መለወጥ ስለማይቻል፣ የመጨረሻው የተጻፈ ዋጋ ቅጂ በተራ ሜሞሪ ውስጥ ይያዛል፣ ቢቱ በቅጂው ላይ ይለወጣል፣ ከዚያ ሙሉው ወደ ሬጅስተሩ ይላካል።

የቺፕ ሠሪዎች ይህን ችግር ስለሚያውቁት ማንበብ የማያስፈልጋቸው በሮች ያዘጋጃሉ። በኤስቲኤም 32 የጂፒአይኦ (የአጠቃላይ ግብዓትና ውጤት) ማብሪያና ማጥፊያ ሬጅስተር ላይ ታችኛዎቹ 16 ቢቶች ፒኖችን፣ ማለትም የቺፑን እግሮች፣ ያበራሉ፣ ላይኛዎቹ 16 ያጠፋሉ፣ 0 የተጻፈበት ምንም አይለውጥም። በአርፒ 2040 ቺፕ ላይ ደግሞ አብዛኞቹ የመሣሪያ ሬጅስተሮች ተጨማሪ ሦስት አድራሻዎች አሏቸው፤ ከመነሻው 4096 ባይት ርቆ የተጻፈ ማስክ ቢቶችን ይገለብጣል፣ 8192 ርቆ የተጻፈው ያበራል፣ 12288 ርቆ የተጻፈው ያጠፋል። እንዲህ ያለ በር ባለበት ሁሉ እርሱን መጠቀም ከ|= ይሻላል፤ ምክንያቱ በሚቀጥለው ክፍል ይታያል።

ሌላ ሰው በመካከል ሲገባ

ማንበብ፣ መለወጥና መጻፍ ሦስት እርምጃዎች ናቸው፤ በእርምጃዎቹ መካከል ኢንተራፕት ወይም ሌላ ትሬድ (በዚያው ፕሮግራም ጎን ለጎን የሚሠራ ሌላ የሥራ ፈትል) ሊገባ ይችላል። ባይቱ 00000000 ነው እንበል። ዋናው ኮድ 0ኛውን ቢት ሊያበራ ባይቱን ያነባል፤ ገና ሳይጽፍ ኢንተራፕት ይነሳና 3ኛውን ቢት አብርቶ ባይቱን 00001000 ያደርገዋል፤ ዋናው ኮድ ሲመለስ ከያዘው አሮጌ ንባብ ተነስቶ 00000001 ይጽፋል። የ3ኛው ቢት ጽሕፈት ጠፋ። ሁለቱ ኮዶች የነኩት የተለያየ ቢት ነው፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን አጠፋ። እንዲህ ያለው ስህተት በሺህ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ሊታይ ስለሚችል በሙከራ መያዙ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ አስቀድሞ በዲዛይን መከላከል ያስፈልጋል።

በ2011 የወጣው የሲ ደረጃ ለዚህ አቶሚክ ዓይነቶችን አምጥቷል፤ አቶሚክ ማለት በመካከሉ ሌላ ሊገባበት የማይችል ማለት ነው። ጠቋሚው ወደ አቶሚክ ኢንቲጀር እንዲያመለክት ተደርጎ አቶሚክ ፌች ኦር፣ አቶሚክ ፌች ኤንድና አቶሚክ ፌች ኤክስኦር የተባሉት ተግባራት ይጠራሉ፤ አሮጌውን ዋጋ ስለሚመልሱም ቢቱን ቀድሞ ያበራው ማን እንደሆነ በዚያው ይታወቃል። በኤክስ 86 ላይ እነዚህ ሎክ የሚል ቅድመ ምልክት ያለው ትእዛዝ ይሆናሉ። ትናንሾቹ ኮርቴክስ ኤም 0 ፕሮሰሰሮች ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ ስለሌላቸው፣ እዚያ ኢንተራፕትን ለአጭር ጊዜ መዝጋት ግድ ነው፤ ሲጨረስም ዝም ብሎ መክፈት ሳይሆን ከመዘጋቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ መመለስ ይገባል፤ ጠሪው ራሱ ዘግቶት ሊሆን ይችላልና።

በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሴት ቢት የተባለው ተግባር አቶሚክ ሲሆን፣ በስሙ ፊት ሁለት የግርጌ ሰረዝ ያለው መንትያው አቶሚክ አይደለም። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ የሚጠቀሙበትም ቃሉ በሌላ ቁልፍ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያስገባ መጠበቂያ) በተጠበቀበት ቦታ ብቻ ነው። በስትራክት የቢት መስኮች የሚተማመን ሰውም ይወቀው፤ ጎን ለጎን ያሉ መስኮች በቋንቋው ደረጃ እንደ አንድ የሜሞሪ ቦታ ስለሚቆጠሩ፣ ሁለት ትሬዶች የተለያዩ ጎረቤት መስኮችን ያለ ቁልፍ ሊጽፉ አይችሉም።

ቢት አድራሻ ያለው ማሽን

ጥቂት ማሽኖች ለቢት አድራሻ ይሰጣሉ። ኢንቴል በ1980 ባወጣው 8051 ማይክሮኮንትሮለር የውስጥ ሜሞሪ ከ32ኛው እስከ 47ኛው አድራሻ ባሉት 16 ባይቶች ውስጥ የሚገኙት 128 ቢቶች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ አንዱን ለማብራት አንድ ትእዛዝ ይበቃል። በኮርቴክስ ኤም 3 እና ኤም 4 ላይ ሊኖር የሚችለው ቢት ባንዲንግ ግን ለጠቋሚ ይበልጥ የሚመች ነው። አንድ ሜጋባይት ሜሞሪ እያንዳንዱ ቢቱ የራሱ ባለ 32 ቢት ቃል እንዲኖረው ሆኖ በ32 ሜጋባይት ሌላ ክልል ላይ ይዘረጋል። የቢቱ ቃል አድራሻ የሚገኘው የባይቱን ርቀት በ32፣ ተራውን በ4 አባዝቶ ከክልሉ መነሻ ጋር በመደመር ነው። ከመነሻው 100 ባይት ርቆ ያለ ባይት 3ኛ ቢት፣ 3200 ሲደመር 12፣ በ3212ኛው ርቀት ላይ ይገኛል፤ በዚያ አድራሻ ላይ 1 ወይም 0 መጻፍ ያንን ቢት ብቻ ይለውጣል፣ ሃርድዌሩም ሌላ እንዳይገባበት ይጠብቃል። ኮርቴክስ ኤም 7 ይህ ስለሌለው፣ ወደ እርሱ የሚዛወር ኮድ ይህን ክፍሉን አስቀድሞ መለየት አለበት።

መፈተሽ

የቢት ጽሕፈት ተግባር ሲፈተሽ የተጻፈው ቢት ልክ መሆኑን ብቻ ማየት አይበቃም። የመነሻ ዋጋው ሁሉም 0፣ ሁሉም 1፣ እንዲሁም 1ና 0 የሚፈራረቁበት ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ተራ ተግባሩ ይጠራና የሚከተለው ይረጋገጥ።

((አሮጌ ^ አዲስ) & ~ማስክ) == 0

ኤክስኦር የተለወጡትን ቢቶች ሁሉ ያወጣል፤ ኤንዱ ከእነርሱ ውስጥ የእኛን ይቀንሳል፤ የቀረ ነገር ካለ ጎረቤት ተነክቷል። ይህ ፈተና ከላይ ያየነውን የ64 ቢት ወጥመድ ያለ ችግር ይይዘዋል፤ ነገር ግን እንዲይዘው «ማስክ» በፈተናው ውስጥ ከተግባሩ ተለይቶ በ64 ቢት ስፋት መሠራት አለበት። ፈተናው ያለ ማሻሻያና በሚለቀቅበት የማሻሻያ ደረጃ ሁለቴ ይካሄድ፤ የቮላታይል መጉደልና ያልተወሰነ ግፊት ብዙውን ጊዜ የሚታዩት በሁለተኛው ነው። ለሃርድዌር ሬጅስተር ደግሞ ኮምፓይለሩ ያወጣውን አሰምብሊ ከፍቶ፣ ለእያንዳንዱ ጽሕፈት በትክክል አንድ የማከማቻ ትእዛዝ መኖሩን፣ ባንዲራ በሚጠፋበት ቦታም ምንም የንባብ ትእዛዝ አለመቅደሙን መመልከት ያስፈልጋል።